ቁራውና ላይዳው

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ፣ የአውሮፓን የሮማንቲክ ዘመን ስናነሳ ይዤው የምገባ አንድ ሥዕል ነበር። የቁራ ሥዕል ነው። የሩቅ አገር ቁራ እንዳይመስላችሁ፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቆሩ ወፍራም የሆነው የኛው የደጋ ቁራ ነው።

ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ተመራማሪ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ተዘዋውሮ የሰበሰበውን ለከተማው ለዘንክንበርግ ሙዚየም አስረከበ። ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመው መጽሐፍም ይህን ቁራ በቀለም አስሎ አስተዋወቀው። የሰጠው የላቲን ስም «ወፍራም መንቆር» ማለት ነው።

እናላችሁ፣ እኔ «ግርማውን እዩ!» እያልኩ ስራቀቅ፣ ከመካነ ሰላም የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ቁራው ምን እያደረገ ነው?»

«ቆሟል።»

«ኧረ እሱ እንዲህ ዝም ብሎ አይቆምም! እበቱን ግራና ቀኝ እየበተነ ትል ይለቅማል። ያ መንቆሩኮ ላይዳው ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም «ይሄ የግብርና ትምህርት አይደለም» ብዬ አስቀመጥኩት።

ከዓመታት በኋላ ለለቅሶ መካነ ሰላም ሄድኩ። ጠዋት ከበረቱ ጀርባ ቁራው እበቱን በመንቆሩ ወዲያና ወዲህ ይበትናል፤ ልክ አውድማ ላይ እንደቆመ ገበሬ። አፈርኩ።

ሥዕሉን ልወቅሰው አልፈልግም። ውሸት የለበትም። የተሣለው ወፉን ከሌላው ለመለየት ነው፤ መንቆሩንና ነጩን ምልክት በትክክል አሳይቷል። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው አውዱቦን ወፎቹን ጎጇቸውን ከወረረ እባብ ጋር ሲተናነቁ ሥሏል። የሩፔል ቁራ ግን ሥራ የለውም፤ መንቆሩ ይታያል፣ ለምን እንደወፈረ አይታይም።

ይህ የሥዕሉ ጉድለት ነው። የእኔ ጉድለት ይብሳል። ሥዕሉ የጎደለውን የሚሞላ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ነበር። ከፍራንክፈርት የመጣውን ዕውቀት ብዬ ተቀበልኩ፤ ከበረት ጀርባ የመጣውን ጨዋታ አደረግሁት። ስንቶቻችን መምህራን ስንቱን ልጅ እንዲህ አስቀምጠናል?

ተልኮ የቀረን ሰው «የቁራ መልክተኛ» እንላለን። የኔው መልክተኛ ግን በሰዓቱ ደርሶ ነበር። የዘገየሁት እኔ ነኝ።