ሲዲው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ምን ይጎድልበታል?

በመማሪያ ማዕከላችን ያሉት የሙዚቃ ሲዲዎች እየተጫሩ ስለሄዱ ወደ ሊኑክስ ኮምፒውተር እየተገለበጡ ነው። «ሲዲ መገልበጥ ደግሞ ምን ሂስ ይፈልጋል? ከትቶ መጫን አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ቁጭ ብለን ያዳመጥነውን እንናገራለን።

ለማወዳደሪያ የመረጥነው የዓለሙ አጋን የበገና ዲስክ ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ 11ኛው ቅጽ። በገናን ያለ ምክንያት አልመረጥንም። አሥሩ አውታሮች ሲነኩ ያ የምናውቀው እዝዝ የሚል ድምፅ የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች ነው። እሱ ከጠፋ በገና ተሰማ አይባልም።

ከዲስኩ ድምፁን የሚያወጣው ሲዲፓራኖያ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ምስጋና ይገባዋል። አንዱን ቦታ ደራርቦ ያነባል፣ ያነበበውን ያስተያያል፣ ካልተስማማለት ተመልሶ ያነባል። ሥራው ሲሳካለት በነጠብጣብና በቅንፍ የተሠራች ፈገግ ያለች ፊት ያሳያል፤ ልጆቹ እሷን ለማየት ነው የሚሰበሰቡት! ጭረት የበዛበት ዲስክ ላይ ግን ይንቀራፈፋል። ጀነሬተር በሰዓት ለሚሠራበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ጭረቱን ዘሎ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ትቶ ከሚሄድ ፈጣን ፕሮግራም እሱን እንመርጣለን።

ችግሩ ያለው መጭመቁ ላይ ነው። ሲዲ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ በሁለት ቻናል ስለሚመዘግብ፣ አንድ ደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ይይዛል። የአንድ ሰዓት ዲስክ በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲሆን 29 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይሆናል። ወጣቶቹ ይህን የሚወዱት ስልካቸው ብዙ እንዲይዝላቸው ነው፤ አንፈርድባቸውም። ለንግግርና ለትምህርት ቅጂም 64 ይበቃል። በገናው ግን በ64 ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚደረደር ይመስላል። ፕሮግራሙ ቦታ ለመቆጠብ ጆሮ አይለየውም ያለውን፣ በተለይም ቀጭኑን ድምፅ፣ ይጥላል፤ እዝዝታው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። በ128 ተመልሶ ይመጣል፣ ግን ጠርዙ የደነዘዘ ነው። በ192 ከሲዲው ለመለየት ተቸግረናል።

ፍላክ የሚባለው ግን ምንም አይጥልም፤ መጠኑን ወደ ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል እንጂ። ስለዚህ በማዕከሉ ዲስክ ላይ ፍላኩ ይቀመጥ፣ ለስልክ የሚሆነው ከእሱ ይውጣ እንላለን። ኤምፒ3ን መልሶ ወደ ኦግ ቮርቢስ መቀየር ግን በጎደለ ላይ ማጉደል ነው። «ኤምፒ3 ለሊኑክስ ክልክል ነው» የሚሉም አሁንም አሉ። ያ የፓተንት ጉዳይ ነበር፤ ፈቃድ የመሸጡ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 አብቅቷል።

ከሁሉ በላይ ቅር ያሰኘን ሌላ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ሲዲፓራኖያ ፋይሎቹን «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ብቻ ይተዋቸዋል። የዘፋኙ ስም የለ፣ የደርዳሪው ስም የለ! እዚህ ካምፕ ተወልደው ያደጉ ልጆች ዜማውን በቃላቸው ይዘው የማን እንደሆነ የማያውቁት እኮ በዚህ ነው። ኢንተርኔት ሲገኝም ስሙ የሚመጣው በላቲን ፊደል፣ ያውም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው። የማሕሙድ አሕመድን «ኤሬ መላ መላ» በአማርኛ ጽፎ የሚፈልግ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለ አያገኘውም። ሊኑክስ ፊደላችንን በደንብ ይጽፋል፣ ስለዚህ ሰበብ የለንም። በሲዲው መያዣ ውስጥ ያለችው መጽሔትም አብራ አትገለበጥም። ማን ተጫወተ፣ መቼ ተቀዳ የሚለው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ፎቶ አንስቶ ከፋይሎቹ ጋር ማስቀመጥ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ለቀሩት ዲስኮች ስሞቹን ከመጽሔቷ እያየ በአማርኛ በወረቀት የሚጽፍልን ሰው እንፈልጋለን። ኮምፒውተር ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ወረቀቱን ተቀብለው የሚተይቡ ተማሪዎች አሉን። የድሮ ዘፋኞችን የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ቢመጡልን ደግሞ ደስ ይለናል።