ብስክሌት አለህ?
የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (1948) ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ስርቆቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሮም ውስጥ ሥራ ፈቶ ለቆየው አንቶኒዮ ፖስተር መለጠፍ ይገኝለታል፤ ብስክሌት ከሌለህ ግን ሥራው ለሌላ ይሰጣል። የሱ ብስክሌት መያዣ ቤት ነው። ሚስቱ ማሪያ የአልጋውን አንሶላ ገፍፋ በምትኩ ታስይዛለች። ሠራተኛው የነሱን አንሶላ ይዞ መደርደሪያው ላይ ሲወጣ፣ የስንቱ ቤት አንሶላ እዚያ ተከምሯል! ፊልሙ እዚህ ጋ ምንም አያብራራም፤ ጉልበቱም እሱ ነው። (የጠንቋይዋ ክፍል ግን ረዝሞብኛል።)

አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የዴሊቨሪ አፕ የመመዝገቢያ ፎርሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። «ብስክሌት ወይም ሞተር አለህ?» «የለኝም» ያለ ወደ ቀጣዩ ገጽ አያልፍም። ሁለት መስመር ኮድ ናት። ፊልሙን አይቼ እንደጨረስኩ ከፍቼ አየኋት፤ አሁንም በደንብ ትሠራለች።