«መላመድ» የሚለው ቃል የሚሰውረው

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ኃይላቸውን ማጣታቸውን ለመግለጽ በአማርኛ የጤና ትምህርት ጽሑፎች ዘንድ ከተለመዱት አገላለጾች አንዱ «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላመደ» የሚለው ነው። አገላለጹ ለጆሮ የቀለለና ለማስተማር የተመቸ በመሆኑ ብዙም ሲመረመር አይታይም። ይሁን እንጂ በሆስፒታል ውስጥ በሕክምና ወቅት የሚፈጸመውን ከመግለጽ ይልቅ ይሰውረዋል።

በሬ ቀንበርን ይላመዳል፤ ሰውም ብርድን ይላመዳል። በሁለቱም የሚለወጠው ያው አንዱ ፍጡር ነው። ባክቴሪያ ግን ገዳይ መድኃኒት ሲደርስበት በአብዛኛው ይሞታል እንጂ አይለምድም። ሉሪያና ዴልብሩክ በ1943 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያን በሚገድል ቫይረስ ባደረጉት ሙከራ እንዳሳዩት፣ ለመትረፍ የሚያበቃው የዘረ መል ለውጥ የሚከሰተው ከገዳዩ ጋር ከመገናኘት አስቀድሞ ነው። የመድኃኒቱ ዋና ድርሻ ለውጡን መፍጠር ሳይሆን የተለወጡትን መምረጥ ነው።

ለዚህ ኤንተሮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ ቁስል መግል ውስጥ ከሚገኙት እልፍ አእላፍ ባክቴሪያዎች መካከል፣ ቤታ ላክታማዝ የተባለውን ኢንዛይም ያለ ልክ የሚያመርቱ ጥቂቶች ይኖራሉ። ሴፍትሪያክሶን ሌሎቹን ሲገድል ለእነዚህ ቦታ ይለቅላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን «መድኃኒቱ ይሠራል» ያለው የላቦራቶሪ ውጤት ስሕተት ባይኖርበትም፣ ከቀናት በኋላ እውነት መሆኑ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም በሕክምና ላይ እያለ የማይሻለው ሕመምተኛ ናሙናው እንደገና ሊመረመር ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ከመላመድ ይበልጥ የራቀ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጃፓን የተቅማጥ በሽታ አምጪ በሆነው ሺጌላ ላይ እንደታየው፣ ባክቴሪያዎች ፕላዝሚድ በተባለ የዘረ መል ቀለበት አማካይነት መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታን እርስ በርስ ይቀባበላሉ። አንድ ፕላዝሚድ የበርካታ መድኃኒቶችን መቋቋሚያ በአንድነት ሊሸከም ስለሚችል፣ ጄንታማይሲን መስጠት ሴፍትሪያክሶንን የሚቋቋመውን ክሌብሲየላም ሊያበዛ ይችላል። ከዚያም ባክቴሪያው ባልታጠበ እጅ ወይም በካቴተር ከአልጋ ወደ አልጋ ይሻገራል። አንዲት ክኒን እንኳ ያልቀመሰ ጨቅላ ሕፃን በተወለደ በሁለተኛው ቀን እንዲህ ባለ ባክቴሪያ ሲያዝ፣ ማን ምን ተላመደ ሊባል ነው?

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ለሚሠራ ባለሙያ ጉዳዩ የሰዋስው ክርክር አይደለም። በእንግሊዝኛ የተማረውን፣ በአማርኛ ጽሑፍም ያነበበውን፣ ለብዙው ሕመምተኛ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል። ቃሉ ከተሳሳተ ስሕተቱም አብሮ ይተረጎማል። ሕመምተኛው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ብሎ ጠንከር ያለ መርፌ ይጠይቃል፤ ባለሙያውም ጥፋቱን ሁሉ ክኒኑን ባቋረጠው ሰው ላይ ይጥላል። መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የማያወላዳ ትእዛዝ ነው፤ በዚያ መቋቋም የሚመነጨው ከራሱ ከባክቴሪያው የዘረ መል ለውጥ ነውና። በሆስፒታል ክፍሎች ግን ሕመምተኛው ምንም ሳያጠፋ መቋቋም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የድርጊት መርሐ ግብር አውጥቷል፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በ2017 እ.ኤ.አ. በተመረጡ ላቦራቶሪዎች ክትትል ጀምሯል። ክትትሉ ፍሬ የሚሰጠው ናሙና ሲላክ ነው፤ ናሙና የሚልከውም ባክቴሪያው እየተመረጠና እየተዛመተ መሆኑን የተገነዘበ ባለሙያ ነው። ስለዚህ «ተላመደ» በሚባልበት ቦታ «ተቋቋመ»፣ «ተመረጠ» እና «ተላለፈ» የሚሉት ቃላት እንደየአግባባቸው ቢገቡ ይበጃል። የመጀመሪያው ለውጤቱ፣ ሁለተኛው ለመድኃኒት አሰጣጡ፣ ሦስተኛው ለእጅ መታጠቢያው ኃላፊ እንዲኖር ያደርጋል። «መላመድ» ግን ባለሙያውን ከሁሉም ነፃ ያወጣዋል።