ቁጣው የማን ነው? ሽምግልና፣ ዛርና የጥንዶች ሕክምና በምሥራቅ ጎጃም

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባለው ገጠር ሚስት ከባሏ ስትጣላ ከክርክር ይልቅ ኩርፊያ ይቀድማል፤ ነጠላዋን ደርባ አባቷ ቤት ትገባለች። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ጎረቤት ነገሩን ያውቃል፤ ባልም ሰንብቶ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ደጀ ሰላም ተቀምጠው የሁለቱን ቃል ይሰማሉ፣ ያጠፋውን ይገሥጻሉ፣ ዋስ ያስጠራሉ፣ «ይቅር ለእግዜር» አስብለው መርቀው ይነሣሉ። በሞጣ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድም መራቂዎቹ ይለያሉ እንጂ አካሄዱ ብዙም አይርቅም።

ይህ የጥንዶች ሕክምና አይደለም ማለት ይከብዳል። የታወቀ ቦታ አለው፣ ሦስተኛ ሰው አለው፣ ማን መቼ እንደሚናገር ደንብ አለው። አገር በቀል ዕውቀትን የሚያሞግሱ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ በሽማግሎቹ ፊት መቆጣት የሚፈቀደው ለማን ነው? ሥልጣንና ስሜት የሚገናኙት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከከተማ የሚመጣው ሳይኮቴራፒም የሚፈተነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

የባል ቁጣ ለሽማግሎቹ ሲቀርብ ምክንያት ይፈለግለታል፤ «ምን ብትዪው ነው?» ይባላል። የሚስት ቁጣ ግን ራሱ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። እንባዋን ማንም አይነቅፍም፤ ድምፅዋ ከፍ ሲል ግን ከሽማግሎቹ አንዱ «ተይ እንጂ ልጄ» ማለቱ አይቀርም። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የተሰየሙት ጎጆው እንዳይፈርስ ነው፤ ጎጆው ከቆመ ሥራቸው ተሳክቷል። በውስጡ ማን ምን ውጦ እንደቆመ የሚመዘንበት ሚዛን አልተሰጣቸውም።

ሕጉ ይህን ሥልጣን ቀስ በቀስ ቀንሶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጉዳይ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲታይ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ እንዲሁም የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995 ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ሰጡ። የ1997ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ለይቶ ወንጀል አለው። ይሁንና አዋጅ የዳኛውን ወንበር ያዛውራል እንጂ የስሜትን ደንብ አይለውጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሴቶች አላዋቂነት አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው። እኔ ግን ሽማግሎቹ የሚጠይቋትን ጥያቄ አስቀድማ የምታውቅ ሴት መልስ አድርጌ አነበዋለሁ። ወንዱ ለጠያቂው ዘመናዊ መስሎ መታየት ምንም አያስከፍለውም፤ እሷ የምትመልሰው ማታ የምትገባበትን ቤት አስባ ነው።

ይሁን እንጂ የጎጃምን ሴት አቅመ ቢስ አድርጎ መሣልም ስሕተት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የርስት መብት በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሚስት ንብረቷን ተካፍላ የመፍታት ልማድ ነበራት። ዛሬም በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይሰፍራል። እንግዲህ ሥልጣን አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከብቱን ተካፍላ መውጣት ትችላለች፤ ሳትወጣ፣ ሚስት እንደሆነች መቆጣት ግን አልተፈቀደላትም። የጥንዶች ሕክምና የሚያስፈልገው ለዚህች ላልወጣችው ሴት ነው።

የተከለከለ ቁጣ ሌላ በር ይፈልጋል፤ ዛር አንዱ ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ መልካም አያሁ ከተባለች ባለ ዛር ቤት የታዘበውን በኋላ እንደ ሕያው ቲያትር ተንትኖታል። ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን ማኅበር በቀጥታ የቡድን ሕክምና ብሎታል። ሚስት ብትለምን የማታገኘውን ቀሚስና ሽቶ ዛሩ በአፏ ሲጠይቅ ባል ያቀርባል፤ እሺ ያለው ለመንፈስ እንጂ ለሚስቱ አይደለምና ክብሩ አይነካም። አንትሮፖሎጂስቱ አይ. ኤም. ሉዊስ ይህን የደካሞች ስውር ጥቃት አድርጎ አየው። ጃኒስ ቦዲ በሰሜን ሱዳን ያጠናችውን ይዛ ይህን አመለካከት መተቸቷ ትክክል ነው፤ ዛርን የሴቶች ብልጠት ብቻ ማድረግ ሥቃዩን ይሰርዛል። በእኔ ዓይን የዛር ጉድለት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቁጣው ይወጣል፤ ግን የሴትየዋ አይሆንም። ዛሩ ሲለቃት «እኔ ምንም አላልኩም» ትላለች፤ ባሏም የሰማው ነገር የለም። በዚያ ላይ ግብሩን የሚቀበለው ባለ ዛር አዲስ ጌታ ይሆንባታል።

በራስ ስም መቆጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ከቢቸና ብዙም ሳይርቁ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ መሄድ ይቻላል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለዳቸውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን (1958 ዓ.ም.) በአብዛኛው ያኖሩት እዚያ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ አፍ ሳይፈታ እናቱ በሽታውን ፈርታ ለእግዚአብሔር ተስላዋለች፤ ስለዚህ አድጎ ሲያፈቅር የሚወቅሰው ሕሊና እርሱ ባልገባው ቃል የታሰረ ነው። የነፍስ አባቱ ከስእለቱ ሊፈቱት ይችሉ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ እላለሁ። ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመው ግን ሌላው ገጸ ባሕርይ ካሣ ዳምጤ ነው። በመሳፍንቱና በሥርዓቱ ላይ በግልጽ፣ በራሱ አፍ፣ ማንንም ሳያሳብብ የሚቆጣው እርሱ ነው፤ አገሬው ደግሞ «ጉዱ» ብሎ ከጤነኞች መዝገብ አውጥቶታል። ምርመራ ማለት ሥልጣን መሆኑን ለማስረዳት ሚሼል ፉኮን ከመጥቀስ ይህ ይቀርባል።

ዛሬ በዓለም በስፋት ከሚሰጡት የጥንዶች ሕክምናዎች አንዱ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት ስሜት ተኮር ሕክምና ነው። መነሻው ግልጽ ነው፦ ከቁጣ ሥር ፍርሃትና የመተው ሥጋት አለ፤ አካሚው ጥንዶቹን ከላይኛው ስሜት ወደ ታችኛው ይመራቸዋል፣ እዚያ ይገናኛሉ። ለጎጃሙ ባል ይህ ከባድ ግን ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ጀግና ተብሎ ያደገ ሰው «ትተሽኝ እንዳትሄጂ ፈራሁ» ማለት አልተማረም። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ጦርነት በገባበት አካባቢ፣ ፍርሃቱን የሚያወጣበት ሌላ መንገድ የሌለው ወንድ ብዙ ነው። ለሚስት ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንባና ልመና ድሮም የተፈቀዱላት ናቸው። አካሚው ቁጣዋን ቸኩሎ ወደ ኀዘን ካወረደው ያደረገው ሽማግሌው ያደረገውን ነው፤ ልዩነቱ ዲፕሎማው ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ጎልድነር እ.ኤ.አ. በ1985 የቤተሰብ ሕክምናን የተቸችው፣ ባልና ሚስትን እኩል የጸቡ ተሳታፊ አድርጎ ሲያይ የሥልጣን ልዩነቱን ይጋርዳል ብላ ነው። ትችቱ ለሞጣም ይሠራል። ስሜት ተኮር ሕክምና ራሱ ዱላ ባልቆመበት ቤት እንዳይሰጥ ማስጠንቀቁም አይረሳ።

በተግባር ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የአእምሮ ጤና ክፍተት ማጥበቢያ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2010 ከጀመረች ወዲህ፣ ሐሳቡ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በየጤና ጣቢያው በአጠቃላይ ባለሙያ እንዲሰጥ ነው። ያ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ወጣት፣ ደመወዝተኛና ለአገሩ እንግዳ ነው። ባል «እርስዎ ያውቃሉ፣ ምከሩልኝ» ብሎ ሲቀርበው ሳያስበው የሽማግሌውን ወንበር ይወርሳል። ሚስትም ቀና ብላ ሳታየው «እሱ ያለው ልክ ነው» ትለዋለች። እሺታዋን እንደ ፈውስ ቆጥሮ ካርዱ ላይ ከጻፈ ነገሩ አበቃ። ስለዚህ መጀመሪያ ለየብቻ ማናገር ግዴታ ነው፤ ስለ ዱላ የሚጠየቀው እሷ ብቻዋን ስትሆን ነው፤ የመሬት ደብተሩ ማን እጅ እንዳለም መጠየቅ የሥነ ልቦና ጥያቄ ነው። ወደ ንስሐ አባቷ ስትሄድ አለመንቀፍ ይገባል፤ ግን እኚያው አባት የባሏም ነፍስ አባት ሊሆኑ እንደሚችሉ ማሰብ ያስፈልጋል። ዚምባቡዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የጀመረው የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር አያቶችን አሠልጥኖ አድማጭ ማድረጉ ለእኛም ፍንጭ ይሰጣል፤ በየመንደሩ ቡና ላይ የሴቶችን ብሶት ስትሰማ የኖረች ባልቴት አለች፤ ሽማግሎች ሲሰየሙ ግን የሚጠራት የለም።

ከሽምግልና መወሰድ ያለበት ይቅርታው አይደለም። ሳይኮቴራፒ ክፍል ውስጥ የጎደለው፣ ሽማግሎቹ ግን ያላቸው ነገር ዋስ ነው፦ ባል ዳግም እጁን ቢያነሣ በስሙና በንብረቱ የሚጠየቅ ሰው። ሕክምናው ከሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ ዋሱ ግን በሌላው ጊዜ ሁሉ ጎረቤት ነው። ዛሬ ያ ዋስ የሚጠራው በባል ወገን ወይም በሽማግሎቹ ምርጫ ነው። እሷ ከወንድሞቿ፣ ከጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ወይም ከዚያች ባልቴት መካከል ራሷ እንድትመርጠው ቢደረግ፣ እርቁም እሷ በቃኝ እስክትል በቀጠሮ ቢቆይ፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው። ሽማግሎቹ መጀመሪያ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ እነሱንም አስቀምጦ ማነጋገር የሕክምናው ክፍል ይሆናል።