ከጅቡቲ ከተማ ወደ አርታ በብስክሌት

ከጅቡቲ ከተማ ወደ አርታ ተራራ በብስክሌት ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወቅቱ የሚከፈተው ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ በጥቅምት መጨረሻ ግድም ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ መንገዱ ለብስክሌተኛ አይሆንም።

ጉዞው ሳይነጋ ከባሕር ጠለል ይጀምራል። በዋናው መንገድ የኢትዮጵያን ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች ስለሚበዙ ጠርዝ ይዞ መንዳት ግድ ነው። ወደ አርታ ሲታጠፍ ዳገቱ ይበረታል፤ የብስክሌት ውለታም የሚታወቀው እዚህ ነው። በመኪና መስኮት ሽው ብሎ የሚያልፈውን ጥቁር ድንጋያማ ተዳፋት ብስክሌተኛው ማርሽ እየቀየረ ይወጣዋል፤ አየሩ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝም በገላው ያውቀዋል። 700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደረስ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከታች ይዘረጋል፤ ድካሙን ሁሉ የሚክስ እይታ ነው።

በመልሱ ቁልቁለቱ ያሳርፋል። ሜዳው ላይ ግን ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚገጥም ውኃና ጉልበት ለዚያ ይቆጠባል።