ተደጋጋሚ መውደቅን የመተንበያ ፈተና ሲመዘን

ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሦስት ሰዎች አንዱ ያህሉ በየዓመቱ ይወድቃል። ደጋግመው ሊወድቁ የሚችሉትን አስቀድሞ ለመለየት ከሚያገለግሉት መመዘኛዎች መካከል በእጅጉ የታወቀው ፖድሲያድሎና ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት «ታይምድ አፕ ኤንድ ጎ» የተሰኘው ፈተና ነው። አረጋዊው ከወንበር ተነሥቶ፣ 3 ሜትር ተራምዶ፣ ዞሮ ተመልሶ እስኪቀመጥ የሚፈጀው ጊዜ ይለካል። ወንበርና ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ ሕሙማን በሚበዙበት ክፍል ሳይቀር ሊሠራበት ይችላል፤ ይህም የሚያስመሰግነው ነው።

ይሁን እንጂ ፈተናው የተወጠነው የደካማ አረጋውያንን የመንቀሳቀስ ችሎታ ለመመዘን እንጂ መውደቅን ለመተንበይ አልነበረም። ለትንበያ መዋሉን ያጠናከረው ሹምዌይ-ኩክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት ነው። ከተጠኑት 30 አረጋውያን 15ቱ ያልወደቁ፣ 15ቱ ደግሞ ባለፉት 6 ወራት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የወደቁ ነበሩ። 13.5 ሴኮንድ ወሰን ሲደረግ ከየቡድኑ 87 በመቶው በትክክል ተለየ።

የጥናቱ ዐቢይ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የተገኘው አረጋውያኑን ወደፊት በመከታተል ሳይሆን ቀድሞ የወደቁትን ካልወደቁት በመለየት ነው። የወደቀ ሰው በጉዳትም ሆነ በፍርሃት እርምጃውን ያዘገያል፤ ስለሆነም ዝግመቱ የመውደቁ መንሥኤ ይሁን ውጤት ለመለየት አይቻልም። በተጨማሪም ወሰኑ ለተመረጠባቸው ለእነዚያው ጥቂት ሰዎች መልሶ መመዘኛ መሆኑ ውጤቱን ከልክ በላይ ያሳምረዋል።

ባሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ ይኸው ወሰን ከሚወድቁት የለየው 31 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት ከሚወድቁ 10 አረጋውያን 7 ያህሉ «ደኅና ነዎት» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ ማለት ነው።

ከሰዓቱ በፊት መቅደም ያለበት «ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ቲኔቲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1988 ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 336 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው እንዳሳዩት፣ አጋላጭ ምክንያት ከሌለባቸው የወደቁት 8 በመቶ ሲሆኑ፣ አራትና ከዚያ በላይ ካሉባቸው ግን 78 በመቶ ናቸው። ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት፣ የእግር ሕመም፣ ሚዛን የመጠበቅ ችግር ከእነዚሁ ይቆጠራሉ፤ ብዙዎቹም ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው።

ስለዚህ ፈተናው የምርመራው አንድ ክፍል ሆኖ ይቀጥል፤ ብያኔ ሰጪ ግን አይሁን። በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለወደቁ እናት በ12 ሴኮንድ ተራምዶ መመለስ ዋስትና አይሆናቸውም።