ከጳውሎስ ጀርባ ይህን ሁሉ ደን ማን ደበቀብን?

ኧረ ስሙኝማ! ከአዲስ አበባው ጳውሎስ ሆስፒታል በላይ፣ ቀና ባልን ቁጥር የምናየው ያ አረንጓዴ ተራራ ዝም ብሎ ተራራ አይደለም። ከ700 ሄክታር በላይ የሚሰፋ የዕፅዋት ማዕከል አለበት። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይባላል። ስሙን ብዙዎቻችን በዜና ሰምተነዋል። ገብቶ ያየው ግን ስንቱ ነው? እኔ ገብቼ አየሁት፤ ካየሁት ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ «ሄደህ እይ! ሄደሽ እዪ!» ከማለት አላረፍኩም። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ልንገራችሁ።

አውሮፓ ለዕረፍት የሄደ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ እናውቃለን። ቬኒስ ያረፈው አንዱን ቀን ለፓዶቫ ይመድባል፤ ባቡር ይሳፈርና ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዞ በ1545 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን የዩኒቨርሲቲውን የዕፅዋት ስፍራ ይጎበኛል። እዚያ በ1585 እ.ኤ.አ. የተተከለ ዘንባባ አለ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ አይቶት ስለጻፈለት በእሱ ስም ይጠራል። ለንደን ያረፈው ደግሞ ጧት ተነሥቶ ወደ ኪው የዕፅዋት ስፍራ ይሄዳል፣ ማታ ደክሞትና ደስ ብሎት ሆቴሉ ይመለሳል። ሁለቱም ድንቅ ቦታዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው በመቶ ዓመታት ይቆጠራል፤ የእኛው ማዕከል ከእነሱ ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው። ስፋቱን ግን ተመልከቱልኝ! የፓዶቫው ከሁለት ሄክታር ብዙም አይበልጥም። ኪው 130 ሄክታር ገደማ ነው። ጉለሌ ኪውን አምስት ጊዜ ያህል ይሆናል! እሱም ሜዳ ላይ የተዘረጋ መናፈሻ እንዳይመስላችሁ፤ ገደል ያለው፣ ጅረት የሚወርድበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ የተራራ ደን ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከጳውሎስ በታክሲ ሒሳብ ይደረሳል። ቪዛ የለ፣ ሻንጣ የለ፣ ወረፋ የለ!

በሩን አልፋችሁ ጥቂት ስትራመዱ መጀመሪያ የሚለወጠው አየሩ ነው። የዊንጌት መንገድ የመኪና ጭስና የረዳቶች ጥሪ እዚያው ታች ይቀራል። የጥድ ሽታ ይቀበላችኋል። ቀዝቃዛ ነው፤ ጥርት ያለ ነው፤ ሳንባ ድረስ ይገባል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ወፍራም መንቁር ቁራ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ይጮኻል። ይህ ቁራ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጭ በየትም ዓለም አይገኝም፤ የአውሮፓ ወፍ ወዳጆች እሱን ለማየት ብለው ነው ባሕር የሚሻገሩት። እኛ ግን ስንት ጊዜ ጣራችን ላይ አርፎ «እሽ!» ብለን አባርረነዋል!

ዛፎቹን ስታዩ ደግሞ የከተማችን ታሪክ እዚያው ቆሞ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተጨፈጨፈ አለቀ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ውለታውን ማንም አይክድም፤ ስንት ቤት ሠርቷል፣ ስንት እንጀራ አስጋግሯል፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በእሱ ስንት ልጅ አሳድገዋል። ነገር ግን ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልቡ አይበቅልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ማዕከል እዚህ ላይ ነው የገባው። ባሕር ዛፉን እየቀነሰ አገር በቀሉን ይመልሳል፦ ጥዱን፣ ወይራውን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን፣ ጥቁር እንጨቱን። ከመቶ ዓመት በፊት የተራቆተ ተራራ ልብሱን ሲለብስ በዓይናችሁ ታያላችሁ! ይህን ያህል ተስፋ የሚሰጥ ነገር ከተማችን ውስጥ የት ይገኛል?

ከሁሉ ከሁሉ ኮሶው! ከፍራንክፈርት ለዕረፍት የመጣውን የአክስቴን ልጅ ከእናቱ ጋር ይዤ ሄጄ ነበር። አክስቴ መንዝ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አንድ ትልቅ ኮሶ ሥር ስንደርስ ድንገት ቆሙ። ግንዱ ቀይ ቡናማ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ብራና ስስ ሆኖ እየተላጠ ይንጠለጠላል። አበባው በረጅም ዘለላ ቁልቁል ወርዷል። አክስቴ አንዱን ዘለላ ሳይቆርጡ በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ሴቴው ነው» አሉ።

«በምን አወቅሽ፣ እማዬ?» አለ ልጃቸው።

«ቀላ ብሏላ! ወንዴው ወደ ነጭ ይወስደዋል። መድኃኒቱ ይኼኛው ነው፤ ስንቱን ጧት አፍንጫችንን ይዘው ግተውናል!»

አስጎብኚው «እውነትዎን ነው፣ እናቴ» ብሎ አረጋገጠ፤ የኮሶ ወንዴና ሴቴ በየራሱ ዛፍ ላይ እንደሚያብብ ጨምሮ አስረዳን። ከዚያ በኋላ አስጎብኚያችን አክስቴ ሆኑ ማለት ይቻላል! ይህ ለምን ይታጠባል፣ ያ ለምን ይታጠናል፣ ይህን ከብት ቢበላው ምን ይሆናል፤ ሁሉንም ያውቁታል። በያመቱ ከአንዱ የአውሮፓ አገር ወደ ሌላው የሚዞረው ልጃቸው አፉን ከፍቶ ሲያዳምጣቸው አየሁት። የስንት ሙዚየም ማብራሪያ በጆሮ ማዳመጫ የሰማ ሰው የገዛ እናቱን እውቀት እዚህ አገኘው።

ኮሶ ደግሞ ተራ ዛፍ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ሲዞር ሥዕሉንና ታሪኩን ይዞ ሄዶ ለአውሮፓ አስተዋወቀው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረቀ የኮሶ አበባ በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር። ያኔ ለንደንና ፓሪስ የተሸጠው መድኃኒት እናት ዛፉ ይኸው፣ ከጳውሎስ በላይ ቆሟል! አጠገቡ ያለው ጥቁር እንጨትም የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ከቅርፊቱ የሚወጣው መድኃኒት በአውሮፓ ለፕሮስቴት ሕመም ሲሸጥ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ዛፉ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች እየተላጠ ስለተመናመነ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

ቀጋውንስ! ቁጥቋጦ ነው፤ እሾህ አለው፤ ሲያብብ አምስት ነጭ የአበባ ቅጠል አውጥቶ መሐሉን ቢጫ ያደርጋል። ጠጋ ብላችሁ አሽትቱት። ሲያፈራ ፍሬው ቀልቶ ለእረኛ ልጅ ምሳ ይሆናል። ይህ ቁጥቋጦ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ብቸኛው የዱር ጽጌረዳ ነው! እኛ ከውጭ የመጣ የጽጌረዳ ዝርያ በላስቲክ ቤት አሳድገን በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ እንልካለን፤ የገዛ ጽጌረዳችን ደግሞ እዚህ ጫካ ጥግ ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ ላስቲክ ያብባል። ቀጋን አጥር ብቻ አድርጌ ሳየው ኖሬያለሁ፤ አሁን ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

ይህ ሁሉ እውቀት በዘፈቀደ አልተከማቸም። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ መዝግቦ በመጽሐፍ የማውጣቱ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ እስከ 2009 ድረስ ወደ 30 ዓመት ፈጅቷል። ውጤቱ 6,000 ያህል የዕፅዋት ዝርያ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንድ አሥረኛው ገደማ ከሁለቱ አገሮች ውጭ የትም የሌለ ነው። ያን ሥራ ከመሩት ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው፤ የጉለሌን ማዕከልም መርተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪው ራሱ፣ ያ የለንደኑ ታላቅ የዕፅዋት ስፍራ፣ ዓለም አቀፍ ሜዳልያውን ሸልሟቸዋል። ኪው የሸለመውን ሰው ሥራ እኛ ጎረቤቶቹ ሳናየው እንዴት እንቀር?

ገና አልጨረስኩም! ከማዕከሉ ወጥታችሁ ወደ እንጦጦ ሸንተረር ዝለቁ። ፊታችሁን ወደ ደቡብ ስታዞሩ አዲስ አበባ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታለች፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ከየረርና ከፉሪ ተራራ ወዲያም ይታያል። ወደ ሰሜን ስትዞሩ የሱሉልታ ሜዳ ነው። እዚህ ሸንተረር ላይ ውሃ መንገድ ይለያል። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ አቃቂ ወንዝ ገብቶ፣ በአዋሽ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ባሕር ሳያይ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንን፣ ግብፅን ዘልቆ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። የአውሮፓ ጎብኚ በበጋ የሚዋኝበት ባሕር የእንጦጦ ዝናብ አለበት! አንዷ ደመና ከዚህ ተራራ ላይ ቆማ ግማሹን ለአፋር በረሃ፣ ግማሹን ለሜዲትራኒያን ታከፋፍላለች። እዚያ ቆሜ ይህን ሳስበው ከመደነቅ ሌላ የምለው ጠፋኝ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ቀኑ ገና ብዙ ይዟል። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም እዚያው ሸንተረሩ ላይ ናት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም አለ። ስትወርዱ ሽሮ ሜዳ የዶርዜ ሸማኔዎች የሠሩትን ጥበብ እያያችሁ፣ እየተከራከራችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ደን፣ ታሪክ፣ የእጅ ሥራ በአንድ ቀን! ይህን አንድ አውሮፓዊ አስጎብኚ ድርጅት ቢያገኘው በስንት ዩሮ እንደሚሸጠው ገምቱ።

አሁን ወደ ተግባሩ እንሂድ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ምርጥ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም ይደርሳል። ጧት በጊዜ ተነሡ። ጃኬት ያዙ፤ ተራራው ላይ ብርዱ የዋዛ አይደለም። የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፣ ውሃና ቆሎ ቋጥሩ፣ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ዳገቱን ቀስ እያላችሁ ውጡት፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ካለ ትንፋሽ ያጥረዋልና አታጣድፉት። አስጎብኚ ጠይቁ፤ አንድ ዛፍ ታሪኩን ከሰማችሁለት በኋላ ሌላ ዛፍ ነው። ቅጠልና አበባ አትቀንጥሱ፤ እዚያ ያለው ለሚመጣው ትውልድ ዘር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ! ብቻችሁን አትሂዱ። እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ አያታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሕፃናቱንም አስከትሉ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካለ ካፌ ለካፌ ከምታዞሩት ወደዚህ አምጡት። ሆስፒታሉ ውስጥ ሕመምተኛቸውን ይዘው ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ ሲጨንቃቸው የሚሰነብቱ አስታማሚዎችን የምታውቁ፣ በተራ የሚተካቸው ሰው ካገኙ ለአንድ ጧት ውሰዷቸው፤ የአገራቸውን ዛፍ አይተው ደረታቸውን ሞልተው ይተነፍሳሉ። መምህራን፣ የሳይንስ ክፍላችሁን እዚህ አስተምሩ! ማዕከሉ የሚሰፋውና የሚጠበቀው እኛ ስናውቀው፣ ስንወደው፣ ስንመላለስበት ነው። እንግዳ «አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀን ቢኖረኝ ምን ልይ?» ብሎ ሲጠይቀን የጳውሎስ ሰፈር ልጆች ከእንግዲህ አንንተባተብ፤ «ና፣ ሽቅብ እንውጣ!» እንበለው።